ጉም የዘገነችው መንደር

የማይሆን ነገር ይዞ የሚለፋ ሰው ስናይ «ጉም እየዘገነ ነው» እንላለን። ዛሬ የማወራላችሁ መንደር ግን ጉሙን የምሯን ዘግናዋለች። ጠጥታዋለች፣ ልብስ አጥባበታለች፣ ጓሮዋን አጠጥታበታለች። ለአሥር ዓመት ያህል። ከዚያ ጉሙ ሳይጠፋ፣ ተራራውም ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ውሃው ቆመ።

ከአየር ውሃ ስለማግኘት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይነግረንና ያበቃል። መረብ ተዘረጋ፣ ውሃ ተንጠባጠበ፣ ሕፃናት ሳቁ፣ ፎቶ ተነሳ። እኔን የሚስበኝ ሁለተኛው ግማሽ ነው። እሱን ለመረዳት ግን ከመጀመሪያው መነሳት የግድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሯ ቹንጉንጎ ትባላለች። በሰሜን ቺሊ፣ በኮኪምቦ ክልል፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር የተቀመጠች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ቹንጉንጎ በቺሊ ሰዎች አነጋገር የአንድ የባህር እንስሳ ስምም ነው። የውሃ እንስሳ ስም ይዛ ውሃ የሌላት መንደር! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ፊት ለፊት የዓለም ትልቁ ውቅያኖስ ተዘርግቷል፤ የሚጠጣ ግን የለም። በዓመት የሚጥለው ዝናብ በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ከመንደሯ በላይ ኤል ቶፎ የሚባል ተራራ አለ። ተራራው የብረት ማዕድን ማውጫ ነበር። ቤተልሄም ስቲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት ብረት ሲዝቅበት ኖሯል። በ1970ዎቹ ማዕድን ማውጣቱ ቆመ። ሠራተኛው ተበተነ፣ ተራራው ላይ የነበረው ከተማም ባዶ ቀረ። ታች የቀሩት ዓሣ አጥማጆች ውሃ የሚያገኙት በቦቴ ሆነ። ቦቴው ይመጣል፣ በየደጁ በቆሙ በርሜሎች ይቀዳል፣ ይሄዳል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ውሃውም ውድ ነው። በርሜል ውስጥ የሰነበተ ውሃ ንጽህናው እንዴት እንደሚሆን ደግሞ መገመት አያቅትም። ያኔ ለአንድ ሰው በቀን በአማካይ የሚደርሰው 14 ሊትር ገደማ ነበር። ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለመታጠብ፣ ለሁሉም። አንድ ተራ ባልዲ ማለት ነው።

ከዚያው ተራራ አናት ላይ ግን ውሃ በነፋስ ተጭኖ ያልፍ ነበር።

የቺሊ ሰዎች ካማንቻካ ይሉታል። በዚያ ዳርቻ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚፈስ ሃምቦልት የተባለ ቀዝቃዛ የባህር ሞገድ አለ። ከባህሩ ላይ የሚነሳው እርጥብ አየር በዚህ ቅዝቃዜ የተነሳ ዝቅ ያለ፣ ስስ፣ ሰፊ ደመና ይሠራል። ከላዩ ደግሞ ሞቃትና ደረቅ አየር እንደ ክዳን ይጫነዋል። ስለዚህ ደመናው ወደ ላይ አድጎ ዝናብ መሆን አይችልም። እንደተደፈጠጠ ወደ የብስ ይነዳል። ብዙውን ጊዜ የሚንሳፈፈው ከባህር ወለል ከ500 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ታች ባህር ዳር ያለ ሰው ቀና ሲል የሚያየው ደመና ነው። ኤል ቶፎ ጫፍ፣ 780 ሜትር ገደማ ላይ የቆመ ሰው ግን ደመናው ውስጥ ነው፤ ለእሱ ጉም ነው። መንደሯ የተጠማችው ደመናው ስላልመጣ አልነበረም። ከራሷ በላይ ስለሚያልፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ ብዙ ሰው ይደባልቀዋል። ከአየር ውሃ ማግኘት ሲባል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ በዓይን የማይታየውን እንፋሎት አቀዝቅዞ ጠብታ ማድረግ ነው። ይህን የሚሠሩ ማሽኖች አሉ። ችግሩ ጉልበት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከእንፋሎትነት ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ ወደ 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይለቃል፤ ማሽኑ ያንን ሙቀት ሁሉ ከውስጡ ማስወጣት አለበት። ኤሌክትሪክ ካልከፈልክ ውሃ የለም። አየሩ ይበልጥ ደረቅ በሆነ ቁጥር ደግሞ ልፋቱ ይብሳል። ማሽኑ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ በጣም ይደክማል ማለት ነው። ጉም ግን እንፋሎት አይደለም። ቀድሞውኑ ውሃ ሆኗል። ተፈጥሮ የማቀዝቀዣውን ሒሳብ ከፍላ ጨርሳለች። የቀረው መያዝ ብቻ ነው።

መያዙም ቢሆን ቀላል አይደለም። የጉም ጠብታ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ብዙም አይበልጥም። የክብሪት ጫፍ የምታክል አንዲት የውሃ ጠብታ ለመሥራት ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጉ የጉም ጠብታዎች መገናኘት አለባቸው። ከመቅለላቸው የተነሳ አይወድቁም፤ ነፋስ እንደወሰዳቸው ይሄዳሉ። ግድግዳ ብታቆምላቸው አየሩ ዙሪያውን ሲታጠፍ አብረው ታጥፈው ያልፋሉ። መረብ ሲሆን ግን ነፋሱ በቀዳዳዎቹ ያልፋል፤ ጠብታዎቹ ከክሮቹ ጋር ይላተማሉ። ይጣበቃሉ፣ ይጠራቀማሉ፣ ከብደው ወደ ታች ይንሸራተታሉ።

ኤል ቶፎ ላይ የተዘረጋው መረብ ምንም የተራቀቀ ነገር አልነበረበትም። ገበሬዎች ለአትክልት ጥላ የሚጠቀሙበት፣ ራሸል የሚባል የፖሊፕሮፒሊን መረብ ነው። ሁለት እጥፍ ሆኖ ይዘረጋል፤ ሁለቱ ንብርብሮች በነፋስ ሲፋተጉ ውሃው ቶሎ ይወርዳል። አንዱ መረብ 12 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ቁመት አለው፤ 48 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በሁለት ምሰሶ መካከል በገመድ ይወጠራል። ከሥሩ እንደ ቤት አሸንዳ ያለ የፕላስቲክ ቦይ ይደረጋል። ከቦዩ ወደ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ወደ ማጠራቀሚያ። ሞተር የለም፣ ፓምፕ የለም፣ ቁልቁለቱ ራሱ ይስበዋል። ከአናቱ እስከ መንደሯ የተዘረጋው ቧንቧ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

ሒሳቡን እንሞክረው። እንዲህ ባለ ጉም ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.2 ግራም ያህል ውሃ አለ እንበል። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ቢሄድ፣ በአንድ ካሬ ሜትር መረብ ላይ በሰዓት 18,000 ሜትር ኩብ አየር ይነፍሳል። ያ 3.6 ሊትር ውሃ ነው። መረቡ የሚይዘው ከዚያ ጥቂቱን ነው። ደግሞም ጉም ሁልጊዜ የለም። አንዳንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ይልና መረቡ ደርቆ ይውላል። ጥሩውና መጥፎው ተደምሮ ለዓመቱ ሲካፈል በካሬ ሜትር በቀን 3 ሊትር ገደማ ይመጣል። ትንሽ ይመስላል። በ48 ሲባዛ፣ ያም በመቶ ሲባዛ ግን ትንሽ አይደለም።

ሐሳቡ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ከዚያ በፊት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አንቶፋጋስታ ውስጥ ካርሎስ ኤስፒኖሳ የተባሉ የፊዚክስ መምህር ጉም አጥማጅ መሣሪያዎችን ይሞክሩ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ የቺሊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ባለሙያዋ ፒላር ሴሬሴዳና ካናዳዊው የደመና ተመራማሪ ሮበርት ሼመናወር ሥራውን ኤል ቶፎ ላይ አመጡት። ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ከካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ነው። የቺሊ የደን ድርጅት ኮናፍም አብሮ ነበረበት። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የደን ድርጅት ነው ያልኩት። የመጀመሪያው ትኩረት ምርምርና ችግኝ ነበር። ጉሙ ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጥ ይለካ፣ በውሃውም የተራቆተው ተራራ ዛፍ ይብቀልበት ተባለ። ታች ያለችው መንደር ዋና ጉዳይ ሆና የመጣችው ኋላ ላይ ነው። ይህች ዝርዝር ያኔ ማንንም አላስጨነቀችም። ኋላ ግን ዋጋ አስከፍላለች።

በ1987 የመጀመሪያዎቹ 50 መረቦች ቆሙ። ቀስ በቀስ ቁጥራቸው ወደ መቶ ተጠጋ። በ1992 ውሃው ቧንቧውን ተከትሎ መንደሯ ገባ።

አስቡት፤ 330 ገደማ ነዋሪ ነው ያላት። በቀን በአማካይ 11,000 ሊትር ይገባል። ለአንድ ሰው 33 ሊትር ማለት ነው። ከ14 ወደ 33! ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ አሁንም ትንሽ ነው፤ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሻወር ገብቶ ይጨርሰዋል። በርሜል ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ግን ሌላ ዓለም ነው። የውሃው ጥራት ሲመረመርም የዓለም ጤና ድርጅትን መስፈርት የሚያሟላ ሆኖ ተገኘ። ሰው በጓሮው አትክልት መትከል ጀመረ። ቹንጉንጎ በዓለም ላይ ዝነኛ ሆነች። ጋዜጠኛ መጣ፣ ተመራማሪ መጣ፣ ከሌላ አገር ለጉብኝት መጡ። ጉም የሚጠጡ ሰዎች ተባሉ።

የሚቀጥለው ክፍል ከዚህ ስኬት ሆድ የወጣ ነው።

ውሃ ያለበት ቦታ ሰው ይመጣል። ወጥቶ የነበረው ተመለሰ፣ አዲስም መጣ። የነዋሪው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 600 ተጠጋ፤ በእረፍት ወቅት ባህር ዳር ለመዝናናት የሚመጣው ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። መረቦቹ ግን አልጨመሩም። እስቲ 11,000 ሊትርን ለ600 አካፍሉት። ለአንድ ሰው 18 ሊትር ይደርሳል። ቦቴው ይሰጥ ከነበረው ባልዲ የሚበልጠው በአራት ሊትር ብቻ ነው። ማንም ምንም ሳያጠፋ፣ አንድም መረብ ሳይቀደድ፣ መንደሯ በወረቀት ላይ ወደ ተነሳችበት ልትመለስ ነው።

መረብ ደግሞ ይቀደዳል። ጉም የሚያመጣው ነፋስ ራሱ ነው የሚቀደው። መረቡን ለነፋስ ካላጋለጥከው ውሃ የለም፤ ካጋለጥከው ይበጣጠሳል። ፀሐዩ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። ገመዱ ይላላል፣ ቦዩ አቧራ ይሞላል፣ ቧንቧው ይደፈናል። ይህ የቴክኖሎጂው ጉድለት አይደለም፤ ጠባዩ ነው። በየጊዜው አንድ ሰው መርፌና ገመድ ይዞ ተራራ መውጣት አለበት። ዓሣ አጥማጅ መረብ መጠገን አያቅተውም፤ ሙያውም ኑሮውም ነው። ግን የራሱን መረብ ነው የሚጠግነው። የኤል ቶፎው መረብ የማን ነበር?

በኔ ዓይን የጉዳዩ ቋጠሮ ይህ ጥያቄ ነው። መረቡ የተተከለው ለምርምርና ለችግኝ ነው። የተከለው ተመራማሪና የደን ድርጅት ነው። መንደርተኛው ውሃውን ሲቀበል ሥራው አልቆ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያበቃና ባለሙያዎቹ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለመንደሯ የውሃ ኮሚቴ ተላለፈ። ኮሚቴው ከነዋሪው ከሚሰበስበው ትንሽ ክፍያ ውጭ አቅም አልነበረውም። ደሞዝ የሚከፈለው ጠጋኝ፣ መለዋወጫ፣ ወደ ላይ የሚያወጣ መኪና፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። «ተረከቡ» ማለት ቀላል ነው። ለመረከብ ግን ከመጀመሪያው አብሮ መሆን ያስፈልጋል።

ይህን ስል የሞሮኮው ሥራ ትዝ ይለኛል። በደቡብ ምዕራብ ሞሮኮ፣ ቡትመዝጊዳ በተባለ 1,225 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ላይ ዳር ሲ ሕማድ የተባለ የአካባቢው ማኅበር በ2006 ጉም መለካት ጀመረ። ውሃው ቤት ለቤት የገባው በ2015 ነው። ልብ በሉ፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው! እንደ ቺሊው ሁሉ እነሱንም ነፋስ አስቸግሯቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ መረቦች ይቀደዱ ነበር። ከጀርመን መሐንዲሶች ጋር ሆነው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚችል መረብ ተከሉ። መረቡ ከመጠን በላይ ሲገፋ እንዳይበጠስ የሚለጠጥ ጎማ አለው። እሱ ጥሩ ነው። እኔን የበለጠ የገረመኝ ግን ማኅበሩ ውሃ ቀድተው የሚያመጡትን ሴቶች ከሥራው መሐል ማስገባቱ ነው። ውሃ ፍለጋ በቀን ሰዓታት ያጠፉ የነበሩት እነሱ ናቸው። ቧንቧው ሲበላሽ ቀድሞ የሚያውቀውም፣ ጮኾ የሚያሳውቀውም እነሱ ናቸው። ቹንጉንጎ ላይ እንዲህ ያለ ጮኾ የሚሰማ ሰው አልነበረም ለማለት አልደፍርም። ጩኸቱ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ።

ዞሮም የደረሰው የከተማ ቧንቧ ላይ ነው።

የቹንጉንጎ ሰዎች ውሃ ሲጠግቡ ሌላ ነገር ተመኙ። ሌላው የቺሊ ሕዝብ ቤቱ ገብቶ ቧንቧ ሲከፍት ውሃ ያገኛል። ጉም ይኑር አይኑር አይጨነቅም። «እኛስ ምን አንሶን ነው ሰማይ ሰማይ የምናየው?» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? የጉም ውሃ በነሱ ዓይን ጊዜያዊ ሆነ፤ ድሃ የሚቻለው ነገር፣ እውነተኛው እስኪመጣ የሚያስታግስ። ለጎብኚው ተአምር ነበር። ጎብኚው ግን ማታ ሆቴሉ ገብቶ ሻወር ይወስዳል። እኔም እዚያ ብኖር ቧንቧውን ነበር የምጠይቀው፤ አልዋሽም።

የአካባቢው ፖለቲከኞችም ይህን ሰሙ። ሎስ ቾሮስ ከተባለው አካባቢ በቧንቧ ውሃ ይምጣ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ወጪው ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ቧንቧ ለፖለቲከኛ ምቹ ነው። ሪባን ይቆረጥለታል። የተቀደደ መረብ ለመስፋት ሪባን የሚቆርጥ የለም። እዚህ ላይ ግን ተስፋው ራሱ ጉዳት አመጣ። በቅርቡ ቧንቧ ይመጣል ከተባለ፣ ዛሬ ተራራ ወጥቶ መረብ የሚሰፋ ማን ነው? አሮጌ ቤቱ ሊፈርስለት ቀን የሚጠብቅ ሰው ጣሪያ አያስለውጥም።

ወጪውን ስናነጻጽር ደግሞ ነገሩ ያሳዝናል። መረቡ ርካሽ ነው፤ ምሰሶውና ገመዱ ተደምሮ አንዱ በጥቂት መቶ ዶላር ይቆም ነበር። ለመንደሯ ጎድሎ የነበረውን ለመሙላት ሌላ 80 ወይም 100 መረብ ቢጨመር፣ ከሚሊዮኑ ዶላር ጥቂት እጅ ነው የሚወጣው። ከዚያ በተረፈው ገንዘብ ሁለት ሦስት ቋሚ ጠጋኞችን ለብዙ ዓመት መቅጠር ይቻል ነበር። ጉም በሚጠፋባቸው ሳምንቶች የሚያሻግር ትልቅ ማጠራቀሚያም ይሠራ ነበር። በእርግጥ ይህን ዛሬ ተቀምጦ ማስላት ቀላል ነው። ደግሞም መረብ ሲበዛ የሚሰፋው ይበዛል። ባለቤት የሌለው መቶ መረብ ወደ ሁለት መቶ ቢያድግ፣ ባለቤት የሌለው ሁለት መቶ መረብ ነው።

መፍረሱ በአንድ ሌሊት የሆነ አይደለም። አንድ መረብ ተቀደደ፤ ሌሎቹ አሉ ተባለ። ጥቂት ገመዶች ተበጠሱ፤ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል ተባለ። ውሃው ሲቀንስ ሰዉ በጉሙ ላይ የነበረው እምነት ቀነሰ። እምነቱ ሲቀንስ ደግሞ ለኮሚቴው መክፈልም፣ ተራራ መውጣትም ቀዘቀዘ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ 2000ዎቹ ሲጀምሩ ኤል ቶፎ ላይ የቀረው በአብዛኛው ባዶ ምሰሶና የተንጠለጠለ ቁራጭ ነበር።

የሎስ ቾሮሱ ቧንቧ ግን ያን ጊዜ ገና ወሬ ነበር። ከሱ ቀድሞ የደረሰው ቦቴው ነው። በርሜሎቹም ወደ ደጃፍ ተመለሱ።